ዱቄቱን አንብቡ፦ የእንጨት ነቀዝን ለይቶ ከዕቃ ማስወጣት

ከወንበር እግር ስር ወይም ከመሳቢያ ጀርባ ነጣ ያለ ዱቄት ክምር ብሎ ካያችሁ መድኃኒት ፍለጋ አትሩጡ። ዱቄቱንም ገና አትጥረጉት። ጥቂት ቆንጥራችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል አሹት፤ ምን እንደሚሰማችሁም ልብ በሉ። እኔ የተጎዱ የእንጨት ዕቃዎችን የማድስ ሰው ነኝ። እጄ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ነቀዝ ካደረሰባቸው ይልቅ ባለቤቶቻቸው በድንጋጤ ያደረጉባቸው የከፋባቸው ብዙ ናቸው። ናፍጣ የጠጣ መሳቢያ፣ ቀዳዳው ሁሉ በሲሊኮን የተደፈነ ጠረጴዛ፣ በውስጡ አንድም ሕይወት ያለው ነገር ሳይኖር ለማገዶ የተፈረደበት አልጋ አይቻለሁ። ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ይህች ትንሽ ፍጥረት ምን እንደምትበላና እንዴት እንደምትኖር ያወቀ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ከዚያው ያገኘዋል።

የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ቡናማ ጢንዚዛ ነው። ሳይንሳዊ ስሟ ሊክተስ ብሩኒየስ ይባላል፤ ይህን ዝርያ ለሳይንስ የገለጸው እንግሊዛዊው የነፍሳት አጥኚ ጄምስ ፍራንሲስ ስቴፈንስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1830። ቀድሞ እሷና የቅርብ ዘመዶቿ ራሱን የቻለ ቤተሰብ ተሰጥቷቸው ነበር፤ አሁን ግን ቦስትሪኪዴ በሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ተጠቃልለዋል። በግንድ፣ በጣውላ፣ በማሸጊያ ሳጥንና በቀርከሃ ዕቃ ተሳፍራ ዓለምን አዳርሳለች። ቅዝቃዜ በሚበረታበት አገር እንኳ ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ከገባች ትራባለች። እንጨት ውስጥ ትኑር እንጂ የምትመገበው ዛፉ ለራሱ ምግብ ብሎ በእንጨቱ ውስጥ ያከማቸውን ስታርች ነው። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚመዘዝ ስለሆነ በልባችሁ ያዙልኝ።

ዱቄቱን መለየት

ጥቁር ወረቀት ዘርጉና ዱቄቱን በላዩ በትኑት። አሥር ጊዜ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር ካላችሁ ይበቃል። የዚህች ጢንዚዛ እጭ የሚተወው ዱቄት እንደ ሕፃናት ፓውደር የለሰለሰ ነው፤ ጣት መሃል ሲታሽ ምንም አይቆረቁርም፤ በመነጽር ስታዩትም ቅርጽ ያለው ጠጠር አይገኝበትም። ዱቄቱ ሻከር ብሎ ካገኛችሁትና በመነጽር ስታዩት ጫፍና ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ የሎሚ ቅርጽ ያለው ደቃቅ እንክብል ከሞላበት፣ ባለቤቱ ሌላ ነው፤ አኖቢየም ፑንክታተም የሚባለው የቤት ዕቃ ጢንዚዛ ማለት ነው። እንክብሉ ከዚያ ተለቅ ብሎ ክብና ጠፍጠፍ ያለ ከሆነ፣ ቀዳዳውም ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከሰፋ፣ በሻገተና በእርጥበት በተጎዳ አሮጌ እንጨት ውስጥ የሚኖረው ዜስቶቢየም ሩፎቪሎሰም ሊሆን ይችላል። ደረቅ እንጨት የሚበላ ምስጥ ደግሞ ጎኑ ስድስት ገጽ ያለው ጠንካራ ፍሬ ይጥላል። አፈር የተለሰነበት መተላለፊያ ካያችሁ ከመሬት የሚወጣ ምስጥ ነው፤ ለእሱ ይህ ጽሑፍ አይሆናችሁም።

ይህን ልዩነት ደጋግሜ የማነሳው ሕክምናው ስለሚለያይ ነው። አኖቢየም የጥድ ዓይነት እንጨትንም ይበላል፤ እርጥበት ይወዳል፤ በሆዱ ውስጥ ባሉ ረቂቅ ሕዋሳት እየታገዘ ራሱን እንጨቱን መፍጨት ስለሚችል በጣም ያረጀ ዕቃ ላይም ይዘልቃል። ቤቱን ማድረቅ እሱን ይጎዳዋል። ቡናማዋን ጢንዚዛ ግን ቤት በማድረቅ ብቻ አታባርሯትም። የእርጥበት መጠኑ 8 ከመቶ ገደማ የሆነ በደንብ የደረቀ ጣውላ ውስጥ ሳይቀር እጯ ይኖራል።

አሁን ወደ ቀዳዳው እንምጣ። ክብ ነው፤ ስፋቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአኖቢየምም ከዚህ ብዙ ስለማይርቅ በቀዳዳ ብቻ አትፍረዱ። ከሁሉ በላይ ማወቅ ያለባችሁ ቀዳዳው መውጫ መሆኑን ነው። ያደገችው ጢንዚዛ ቀዳ የወጣችበት በር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ እሱ የምትመለስበት ጉዳይ እምብዛም የላትም። ስለዚህ ቀዳዳ ውስጥ በመርፌ መድኃኒት መጨመር ብዙ ጊዜ ባዶ ቤት ማጠብ ይሆናል። እጩ የጨረሰውን መተላለፊያ በራሱ ዱቄት ጥቅጥቅ አድርጎ እየሞላ ስለሚሄድም ፈሳሹ እሱ ጋ ሳይደርስ በመንገድ ይቀራል።

ቀዳዳው አዲስ ከሆነ ጠርዙ ስል ነው፤ ውስጡም አዲስ የተቆረጠ እንጨት ቀለም አለው። የቆየ ቀዳዳ ጠርዙ ለስለስ ይላል፤ ውስጡ አቧራ፣ የሸረሪት ድር፣ አንዳንዴም የድሮ ቫርኒሽ ይዟል። ቫርኒሽ ወይም ቀለም ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ያ ቀዳዳ ዕቃው ከመቀባቱ በፊት የነበረ ነው። የዱቄቱም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ትኩሱ ገርጣ ብሎ ልቅ ነው፤ የከረመው ይጠቁራል፣ ይጋገራል።

አሁንም የምትጠራጠሩ ከሆነ ዕቃውን በብሩሽ ጥረጉት፤ የቀዳዳዎቹን ዙሪያ በእርሳስ ክበቡ፤ ከስሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፉ። በቀዳዳ የበዛውን ገጽ ደግሞ በስስ ወረቀት ሸፍኑና ጠርዝ ጠርዙን ብቻ በኮላ ያዙት። ከውስጥ የምትወጣ ካለች ወረቀቱን ቀዳ ትወጣለች፤ ያኔ ጥያቄው ተመለሰ። ነገር ግን ይህን ዕቃ በየቀኑ አታንቀሳቅሱት። ጠረጴዛ በተጎተተ ቁጥር ከድሮ መተላለፊያዎች ዱቄት ይራገፋል፤ ሰውም ነቀዙ ያገረሸ መስሎት ይደነግጣል።

ጢንዚዛዋን ማየት

ያደገችውን በዓይናችሁ ለማግኘት ምርጡ ቦታ የመስኮት ደፍና የመብራት ሥር ነው። በጨለማ ትንቀሳቀሳለች፤ ትበራለች፤ ወደ ብርሃን ትሳባለች። ቀጠን ረዘም ብላ ጀርባዋ ትንሽ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ቀለሟ ቀላ ያለ ቡናማ። ከላይ ስትመለከቷት ጭንቅላቷ በግልጽ ይታያል። የአኖቢየም ጭንቅላት ግን ከትከሻው ቆብ ስር ተደብቆ ከላይ አይታይም፤ ይህ ሁለቱን በአንድ እይታ ይለያል። መነጽር ከያዛችሁ አንቴናዋን ተመልከቱ፦ 11 ክፍሎች አሉት፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ወፈር ብለው ዱላ ሠርተዋል።

እኔ የሥራ ቦታዬ መደርደሪያ ላይ በመስታወት ማሰሮ የተቀመጠ የነቀዘ እንጨት ሁልጊዜ አለኝ። ለዚህ ሥራ አዲስ የሆነ ሰው ሁሉ እንዲያደርገው እመክራለሁ። ለማድረግ የሚያስፈልገው ቀላል ነው፤ በነቀዝ የተያዘ ቁራጭ ያዙና አጠገቡ ንጹሕ፣ ከቅርፊት ስር የተወሰደ ገርጣ ቁራጭ አስቀምጡ። ክዳኑን በጥሩ ሽቦ ወንፊት ሥሩት፤ ጨርቅና ቡሽ ቀዳ ታመልጣችኋለች። ሞቅ ባለ ቦታ አኑሩት፤ 25 ዲግሪ አካባቢ ይስማማታል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሴቲቱ አዲሱን ቁራጭ ስትመርጥ ማየት የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ ዝም ብላ አትጥልም። ገጹን በጥርሷ ጫር ጫር ታደርጋለች፤ በመነጽር ስታዩ ከእንጨቱ ጅማት አቋርጠው የተሰመሩ ደቃቅ ጭረቶች ታገኛላችሁ። እየቀመሰች ነው። ስታርቹ ካላጠገባት ትታው ትሄዳለች።

እንጨቱ ካጠገባት እንቁላል መጣያዋን ዘርግታ በዛፉ የውኃ ቱቦዎች አፍ ውስጥ ታስገባዋለች። እንቁላሏ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ውፍረቱ ግን 0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን ዘንግ ነው፤ በአንድ ጫፉም ክር መሳይ ነገር አለው። ይህ ቅርጽ ለቱቦው የተሰፋ ነው ማለት ይቻላል። እንቁላሉ እንጨት ላይ ሳይሆን እንጨት ውስጥ ስለሚቀመጥ ከላይ የተጠረገ ወይም የተወለወለ ገጽ ለእሷ ችግር አይደለም፤ ቱቦው ክፍት ከሆነ ይበቃታል።

በአንድና ሁለት ሳምንት ውስጥ ይፈለፈላል። እጩ መጀመሪያ ቀጥ ያለ ነው፤ የተረፈውን የእንቁላል አስኳል በልቶ ይጀምርና በቱቦው አቅጣጫ ይቀዳል። እያደገ ሲሄድ ነጭና ጎበጥ ያለ ይሆናል፤ አካሄዱም አቅጣጫ ያጣል፤ መተላለፊያዎች እየተቋረጡ የእንጨቱ ውስጥ ዱቄት ብቻ ይቀራል። ከላይ ግን ስስ ቆዳው አይነካም። ለዚህ ነው ምንም ያልሆነ የሚመስል የወንበር ክንድ በእጅ ሲጫኑት ወደ ውስጥ የሚሰረጉደው።

እጩ የእንጨቱን አካል የሚሠራውን ሴሉሎስ መፍጨት አይችልም። የሚጠቅመው ስታርቹ፣ ስኳሩና ጥቂቱ ፕሮቲን ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ምግብ ለማግኘት ብዙ እንጨት ማኘክ አለበት፤ ያ ሁሉ ዱቄት የሚመጣውም ከዚህ ነው። ስታርች 3 ከመቶ ካልሞላው እንጨት ውስጥ በደህና ማደግ ይቸግረዋል። ምግቡና ሙቀቱ ከተስማማው በጥቂት ወራት ያድጋል፤ በተለመደው ሁኔታ አንድ ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ ምግብ ባነሰው ጣውላ ግን ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ሲጨርስ ወደ ገጹ ጠጋ ብሎ ጎጆውን ያበጃል፤ ከእጭነት ወደ ጢንዚዛነት በሚለወጥበት የፑፓ ደረጃ ለጥቂት ሳምንታት ይቆያል፤ ጢንዚዛ ሆኖ አካሉ እስኪጠነክር ጠብቆ ቀዳዳውን ከፍቶ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ያለው ዕድሜ በሳምንታት የሚቆጠር ነው።

ማሰሮው ውስጥ ሌላ ነገር ካያችሁ ቶሎ አትጣሉት። ታርሶስቴነስ ዩኒቪታተስ የሚባል፣ ጠቆር ባለ ጀርባው ላይ አንድ ገርጣ መቀነት ያለው ቀጭን ጢንዚዛ አለ፤ እሱ አዳኟ ነው። ደቃቅ ተርቦችም እጩ ላይ እንቁላል ይጥሉበታል። ዕቃ ላይ እነዚህን ማየት ከውስጥ ሕያው ነቀዝ እንዳለ ምስክር ስለሆነ ለምርመራ ይጠቅማል። ፓይሞተስ የሚባለው ረቂቅ ቅማል መሳይ ፍጥረት ግን የማሰሮውን እጭ ሁሉ ይጨርሳል፤ ሰውንም ነክሶ ያሳክካል። ቆዳችሁ ማሳከክ ከጀመረ ማሰሮውን እንደታሸገ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት።

የትኛው እንጨት ይያዛል?

ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ቱቦው ይበቃታል ወይ? ስታርችስ አለው ወይ?

ለመጀመሪያው የጣውላውን ጫፍ በስለታም መሮ አጽዱና እዩት። ቀዳዳዎቹ በዓይን የሚታዩ ከሆኑ፣ ለምሳሌ እንደ ኦክ፣ አሽ፣ ዋልነት፣ እንዲሁም አንዳንድ የባሕር ዛፍ ዝርያዎች፣ በሩ ክፍት ነው። ቱቦዎቹ በጣም ጠባብ የሆኑ እንጨቶች እንቁላሉን አያስገቡም፤ ጥድና ጥድ መሰሎቹ ደግሞ እንዲህ ያለ ቱቦ ጭራሽ የላቸውም። ስለዚህ ከጥድ በተሠራ መደርደሪያ ላይ የለሰለሰ ዱቄት ካገኛችሁ ዱቄቱ ከላይ ካለ ሌላ ዕቃ የወረደ እንደሆነ ፈትሹ። ቀርከሃ ስታርች የሞላው ስለሆነ እሷም ዲኖዴረስ ሚኑተስ የሚባለው ዘመዷም አብረው ይረባረቡበታል።

ስታርቹ የሚገኘው ከቅርፊቱ ስር ባለው ገርጣ እንጨት ነው። መሃሉ፣ ጠቆር ያለው ልብ፣ ለእሷ ምግብ የለውም። የነቀዘ ጣውላ በመጋዝ ስትቆርጡ ገርጣው በኩል ዱቄት ሆኖ ልቡ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ድንበር ታያላችሁ። ተማሪዎቼን መጀመሪያ የማሳያቸው ይህን ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ለሁለተኛው ጥያቄ አዮዲን አለላችሁ። ቁስል የሚቀባበት ቲንክቸር ይሆናል፤ በውኃ ቀጠን አድርጉት። ምርመራውን ቁራጭ ላይ ወይም በማይታይ ቦታ አድርጉ፤ እድፉ አይለቅምና። የጣውላውን ጫፍ በመሮ አዲስ ገጽ አውጡ፤ ብርጭቆ ወረቀት አትጠቀሙ፣ ዱቄቱ ቱቦዎቹን ይደፍንባችኋል። በብሩሽ ቀቡና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ጫፉ ቢጫ ወይም ቡናማ ብቻ ሆኖ ከቀረ ስታርች የለም ወይም እጅግ ትንሽ ነው። ሰማያዊ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም መስመሮች ከወጡ ጣውላው ለነቀዝ ዝግጁ ነው። ነጠብጣቦቹ ደቃቅ ስለሚሆኑ በመነጽር ፈልጉ። ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ጣውላዎች የተለያየ ውጤት ሊሰጡ ስለሚችሉ ከአንዱ ተነስታችሁ ስለ ሁሉም አትናገሩ። ዕቃ ልሠራ ስል ገርጣው ክፍል ያለበትን ጣውላ ያለዚህ ምርመራ አልነካም።

ስታርች በጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በጣም የቆየ ዕቃ አዲስ የሚያዝበት ዕድል ትንሽ ነው። ይህም የሚያጽናና ነገር ነው፤ ከአያት የተወረሰ ሣጥን ላይ ያለው ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ያለፈ ታሪክ ነው።

ማስወጣት

በውስጡ ሕይወት እንዳለ ካረጋገጣችሁ መጀመሪያ ለዩት። ዕቃውን ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ጠቅልላችሁ በፕላስተር አሽጉትና ከሌላው ዕቃ አርቁት። ከዚያ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ አስቡ።

ለትናንሽ ዕቃዎች የምመርጠው ብርድን ነው። የእንጨት ማንኪያ፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ የሥዕል ክፈፍ፣ የወንበር እግር፣ ፍሪዘር ውስጥ የሚገባ ሁሉ። ላስቲኩ ውስጥ ያለውን አየር በተቻለ መጠን አስወጡ። ፍሪዘሩ ቀድሞ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ደርሶ ይቆያችሁ፤ ዕቃው ቀስ እያለ ከቀዘቀዘ እጩ ብርዱን ይለማመዳል፤ ድንገት ሲሆን ግን መላ የለውም። ሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት አትፍቱት። የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን እንደታሸገ ይቀመጥ፤ ጤዛው በላስቲኩ ላይ ይቀራል፣ እንጨቱ ላይ አይወርድም። ይህን ትዕግሥት ያጣ ሰው ቫርኒሹ ነጥቶ፣ በላዩ የተለጠፈው ስስ ልባጥ ተነስቶ ያገኘዋል። ቀለም የተሰነጠቀበት፣ በዝሆን ጥርስ ወይም በዛጎል የተለበጠ፣ መስታወት የተያያዘበት ዕቃ ግን ለብርድ አትስጡ፤ እያንዳንዱ ነገር በየራሱ ልክ ስለሚኮማተር ይላቀቃል።

ለጣውላና ላልተቀባ ቀርከሃ ሙቀት ይሻላል። ዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት ለእንጨት ማሸጊያዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ደንብ የእንጨቱ መሃል ሳይቀር 56 ዲግሪ ደርሶ ለ30 ተከታታይ ደቂቃ እንዲቆይ ይጠይቃል። እኔም ይህንኑ እከተላለሁ፤ ዋናው ቃል መሃል የሚለው ነው። የጣውላ ማድረቂያው ክፍል አየር 60 ዲግሪ ስላለ ወፍራሙ ጣውላ መሃሉ ሞቋል ማለት አይደለም፤ ሰዓታት ይፈልጋል። ከሁሉ በወፈረው ጣውላ ውስጥ በትራፓኖ እስከ መሃል ቀዳዳ አውጡና የቴርሞሜትሩን ጫፍ አስገቡ፤ አፉን በጨርቅ ድፈኑት፤ ሰዓት መቁጠር የምትጀምሩት ያ ቴርሞሜትር 56 ካለ በኋላ ነው። በጥቁር ላስቲክ ጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ማስጣትም ለቀጫጭን ቁራጮች ይሠራል፤ ግን ያው በቴርሞሜትር ካልተረጋገጠ ግምት ነው። በኮላ የተያያዘ፣ በሰም የተወለወለ ወይም ስስ ልባጥ ያለው የቤት ዕቃ ለዚህ ሙቀት አይሆንም።

የጎን ማስታወሻ ላክልበት፤ በማድረቂያ የገባ ጣውላ ለዘላለም የዳነ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሙቀቱ ያኔ በውስጡ ያለውን ይገድላል፤ ስታርቹን ግን አያወጣውም። እንዲያውም ቶሎ የደረቀ እንጨት ውስጥ የዛፉ ሕያው ሕዋሳት ስታርቹን ተጠቅመው ሳይጨርሱት ስለሚሞቱ ምግቡ እንዳለ ይቀራል። ከማድረቂያ በወጣ ማግስት መጋዘን ውስጥ አንዲት ሴት ካገኘችው ሁሉም እንደ አዲስ ይጀምራል።

ፍሪዘርም ማድረቂያም የማይችለው ትልቅ ዕቃ ሲሆን ቦራክስና ቦሪክ አሲድ ቀላቅሎ በሙቅ ውኃ አሟሙቶ መቀባት አለ፤ ለዚሁ ተብሎ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውም ይሆናል፤ መጠኑን ከማሸጊያው መመሪያ ውሰዱ። በሁለቱም ውስጥ ያለው ቦሮን የሚሠራው ባዶ እንጨት ላይ ብቻ ነው፤ በቫርኒሽ፣ በሰምና በቀለም አያልፍም። ስለዚህ ቅቡን ልጣችሁ ወይም ያልተቀባውን ጎን ፈልጋችሁ፣ የጠረጴዛውን ሆድ፣ የመሳቢያውን ጀርባ፣ የእግሩን መዳፍ፣ ደግማችሁ ቀቡ። ሁለተኛውን ቅብ የመጀመሪያው እርጥብ እያለ አድርጉ፤ ጠለቅ ብሎ ይገባል። በጥልቁ ያለውን ትልቅ እጭ ወዲያው ይገድለዋል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ወደ ገጹ ሲጠጋና አዲስ የተፈለፈለው መብላት ሲጀምር ነው የሚይዘው። ለዚህም ከተቀባ በኋላ አንዳንድ ጢንዚዛ መውጣቱ አያስደንግጣችሁ። ዝናብ የሚያገኘው ዕቃ ላይ ቦሮን ታጥቦ ይሄዳል። ጓንት አድርጉ፤ ዱቄቱን አትተንፍሱት፤ ነፍሰ ጡር ሴት በዚህ ሥራ አትሳተፍ። የመክተፊያ እንጨት፣ የምግብ ዕቃና የሕፃን አልጋ በዚህ አይነካም።

የተበላው ክፍል ዱቄት ብቻ ከሆነ አውጥቶ መተካት ከሁሉ ይበልጣል። በወስፌ ወጋ ወጋ እያደረጋችሁ ጠንካራውን ድንበር ፈልጉ፤ ገርጣውን ክፍል እስከዚያ ድረስ አንሡት፤ ምትኩን ከልቡ እንጨት ቁረጡ። ሰው የሚቀመጥበትና ክብደት የሚሸከም ነገር ላይ በቀዳዳ ውስጥ ኮላ ጨምሮ ማለፍ አደገኛ ነው፤ የወንበር እግር ሰው ተቀምጦበት ሳለ ይሰበራል። ጌጥ ብቻ የሆነውን ግን ቀጠን ያለ ኮላ አጠጥቶ ማጠንከር ይቻላል፣ ግን በውስጡ ያለው መሞቱ ከተረጋገጠ በኋላ። ቀዳዳውንም በቀለም ሰም ድፈኑት። ያኔ አዲስ ቀዳዳ ቢከፈት ከተደፈኑት ለይታችሁ ታዩታላችሁ፤ ውበቱ ብቻ ሳይሆን መቆጣጠሪያም ይሆናችኋል።

እንዳይመጣ

ቱቦውን ዝጉ። ቫርኒሽ፣ ቀለም ወይም ወፍራም ሰም ያለበት ገጽ ላይ ሴቲቱ እንቁላሏን የምታስገባበት አፍ አታገኝም። ችግሩ ሰው የሚታየውን ገጽ ሦስቴ ቀብቶ የማይታየውን ባዶ መተዉ ነው። ወደ እኔ የሚመጡት ጠረጴዛዎች አብዛኞቹ የተያዙት በሆዳቸው በኩል ነው፤ አልጋው በግድግዳ ጎኑ፣ ቁም ሣጥኑ በጀርባው። በተለይ የጣውላው ጫፍ፣ ቱቦዎቹ ተከፍተው የሚታዩበት፣ ከሁሉ በላይ ቅብ ይፈልጋል። ይህን የምታደርጉት ውስጡ ንጹሕ መሆኑን ካወቃችሁ በኋላ ይሁን፤ በውስጥ ያለው እጭ ቫርኒሹን ቀዶ ይወጣል፤ በላዩ የተለጠፈ ስስ ልባጥም አያቆመውም።

ግንድ የምትቆርጡ ወይም የምትገዙ ከሆነ ሌላም መንገድ አለ። ቅርፊቱ ሳይነሣ ጥላ ውስጥ የቆየ ግንድ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ገና ሕያው ስለሆኑ ስታርቹን ቀስ በቀስ ይጠቀሙታል። ግንድንና ቀርከሃን ለሳምንታት ወይም ለወራት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማቆየትም ይረዳል፤ ይህ በብዙ አገሮች ከጥንት የቆየ ልማድ ነው። ይህን ያደረገ ሰው ውጤቱን በአዮዲን ይፈትሽ፤ ነጠብጣቡ ካልጠፋ ጊዜው አልበቃም።

መጋዘናችሁ ውስጥ ገርጣው ክፍል ያለበትን ቁርጥራጭ ለአንድ ቀን ይጠቅመኛል ብላችሁ ጥግ ላይ አትከምሩ። ነቀዝ የሚሰነብተው እዚያ ክምር ውስጥ ነው፤ ከዚያም ወደ ጥሩው ጣውላ ይሻገራል። እኔ ዘወትር የማቃጥለው እሱን ነው።

አዲስ ወይም አሮጌ የእንጨት ዕቃ ቤት ስታስገቡ ከሌላው ነጥላችሁ ጥቁር ወረቀት ላይ አቁሙት። የጣውላውን ጫፍና ያልተቀባውን ጎን በባትሪ እዩ። አየሩ በሚሞቅበት ወቅት መጀመሪያ ላይ ደግማችሁ ፈትሹት፤ ጢንዚዛዎቹ የሚወጡት ያኔ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በሚሞቅ ቤት ግን በማንኛውም ወር ሊወጡ ስለሚችሉ ወረቀቱን በየጊዜው ተመልከቱ። ለስላሳ ዱቄት ካገኛችሁ በዚያው ቀን በላስቲክ ጠቅልሉት፤ ላስቲኩ ላይም ቀኑንና ዱቄቱን ያያችሁበትን ቦታ ጻፉበት።